ዛሬ ዕጣው የማን ነው?

ስኳር ያለበት ሰው ስኳር ካለበት ሰው ጋር ሲገናኝ ወሬው ቶሎ ይሞቃል። ደመወዙን ከሚስቱ የሚደብቅ፣ ዕድሜውን ለልጆቹ የማይነግር የተከበረ ሰው፣ የሆስፒታል አግዳሚ ላይ አጠገቡ ለተቀመጠ እንግዳ፣ «እኔ እንኳ ሰሞኑን ወደ ግራ ጭኔ ዞሬያለሁ» ይለዋል። ያኛውም አይደነግጥም። «ጭን ይዘገያል፤ እኔ ሆዴን አልለቅም» ብሎ ይመልሳል። ገና ስም አልተለዋወጡም። ካርዳቸው እስኪጠራ ድረስ ስለ ሆድና ስለ ጭን፣ አልፎ አልፎም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ መቀመጫ ይመካከራሉ። ፍል ውሃ ሄዶ እንኳ ፎጣውን በሁለት እጁ አጥብቆ የሚይዝ ሕዝብ ስለ ገላው እንዲህ በግልጥ የሚያወራበት ሌላ ሸንጎ እኔ አላውቅም።

ነገሩ የሚያወያይ ሆኖ ነው። ሐኪሙ ስንት ዩኒት እንደምትወስድ ይጽፍልሃል። በስንት ሰዓት እንደምትወስድም ይጽፍልሃል። የት እንደምትወጋ ግን ለአንተ ይተወዋል። በቀን ሁለቴ ለሚወጋ ሰው ይህ በዓመት ከ700 ጊዜ በላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። በየአምስት ዓመቱ አንዴ ምርጫ በሚካሄድበት አገር ይህ ቀላል ኃላፊነት አይደለም።

የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል አለ። ፀጉርም ፊትም የሌለው፣ ወንድ ይሁን ሴት የማይለይ ሰው አንዴ በፊቱ፣ አንዴ በጀርባው ቆሞ ይታያል። የሚወጋበት ቦታ በቀለም ተከልሏል፦ ከእምብርት ሁለት ሦስት ጣት ርቆ ሆዱ፣ የጭኑ ፊትና ውጭ ጎን፣ የላይኛው ክንዱ ኋላ፣ የመቀመጫው የላይኛው ውጭ ጠርዝ። የተመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከቆዳቸው ሥር ጮማ አለ፤ ትልልቅ የደም ሥርና ነርቭ ደግሞ አያልፍባቸውም። ኢንሱሊን ጮማው ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ደም እንዲገባ ነው የሚፈለገው፤ ጡንቻ ካገኘ ይሮጣል፤ ስኳርንም ሳይታሰብ ያወርደዋል።

ሥዕሉ አይዋሽም። ነገር ግን ያ ሰውዬ ሸሚዝ የለውም። ቀበቶ የለውም። አማት የለውም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ ሠርግ አይጠራም። መብራት ጠፍቶበት በሻማ ዩኒት ቆጥሮ አያውቅም። እኔ ይህን ያህል ዘመን ተወግቼ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ መርፌው የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ጮማው ሳይሆን በዚያች ሰዓት እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው መሆኑን ነው።

እናቴን እንውሰድ። ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ፣ ማለዳ ሸሚዜን ገልጬ ሆዴን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ይዤ ደረሰችብኝ። ደንግጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ልጄ፣ ውሻ ነክሶህ ነው?»

አልፈረድኩባትም። በእሷ ዘመን ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ አንድ ብቻ ነበር። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው፣ ከእንስሳት አንጎል የሚሠራውን የድሮውን ክትባት ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። መንደሩ በሙሉ አብሮት ይቆጥራል። «ዛሬ ስንተኛው ነው?» ይሉታል ደጅ የተቀመጡት፤ ልጆችም ይሸሹታል፣ ሳይጨርስ ቢጮህብንስ ብለው። እንግዲህ እናት የልጇን ሆድ ተወግቶ ስታይ ስለ ቆሽቱ ልታስብ አትችልም፤ ስለ ውሻው ነው የምታስበው።

ሌላው መርፌ ሁሉ ቦታው የታወቀ ነው። ሰው የሚወጋው ቂጡን ነው፤ በቃ። ድሬሰሩ የመስታወት ሲሪንጁን በብረት ሣጥን ቀቅሎ ሲመጣ ልጅ በአባቱ ጉልበት ላይ በሆዱ ይደፋል፤ ፔኒሲሊኑ ይገባል፤ ከዚያ ጥጥ ተይዞ እየታሸ ይለቀሳል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ክኒን ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው እንዳልታከመ ይቆጠር ነበር፤ «አልወጉህም?» ይባላል በሐዘኔታ። እናቴ ታዲያ ሁለት ነገር አልዋጥላት አለ። አንደኛው መርፌው አንጀቴን እንዳይበሳው ነው። አሁን የፔን መርፌ እስከ 4 ሚሊ ሜትር ማጠሩን፣ የእኔ የሲሪንጁ መርፌም ከዚያ ብዙ እንደማይረዝም፣ አንጀቴ ጋ ለመድረስ ስንት ዓመት በክትፎ የተገነባ ግንብ ማለፍ እንዳለበት አስረዳኋት። ሁለተኛው አለማሸቴ ነው። «እሸው እንጂ! ይጓጉልብሃል!» ትላለች። ኢንሱሊን የተወጋ ቦታ አይታሽም፤ ከታሸ መድኃኒቱ ቸኩሎ ይገባል። ይህን ብዙ ጊዜ ነገርኳት። እስከምትመለስ ድረስ ግን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ እጇን በአየር ላይ ታሽ ነበር።

ለነገሩ ታሪክ ሲመረመር ከእናቴ ጋር ነው። በኢንሱሊን መጀመሪያ የታከመው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን፣ በጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሲወጋ የተወጋው መቀመጫው ላይ ነው፤ ግማሹ ቀኝ፣ ግማሹ ግራ። ልጁ በዚያን ጊዜ 30 ኪሎ እንኳ የማይሞላ አጥንት ስለነበር ሌላ ቦታ ጮማ ይገኝበት እንደሆነ እንጃ። መድኃኒቱ ከከብት ቆሽት የተጨመቀ፣ ያልጠራ፣ ቡናማ ነገር ነበርና አንደኛው ቦታ አበጠበት፤ ስኳሩም እምብዛም አልወረደም። ጄምስ ኮሊፕ የሚባለው የኬሚስትሪ ሊቅ አጥርቶ የሠራው ነው ከ12 ቀን በኋላ ልጁን ያዳነው። ብቻ አጀማመሩ በቂጥ ነው። ሆድ በኋላ የመጣ ባለሥልጣን ነው።

መቀመጫ ግን ለብቸኛ ሰው አይሆንም። አታየውም፤ ለማየት ስትዞር አብሮህ ይዞራል። መስታወት ይጠይቃል፣ የተቆለፈ በር ይጠይቃል። አንዴ በሩን ቆልፈህ መስታወት ፊት ወደ ኋላ ስትዞር የቤት ሠራተኛዋ በመስኮት ካየችህ ደግሞ ማብራሪያ የማይበቃው ነገር ይከተላል።

ክንድ ከዚያም የባሰ ነው። የክንድህን የኋላ ጎን በአንድ እጅ ቆንጥጠህ፣ በሌላው መርፌ ይዘህ መውጋት አትችልም፤ የሚቆነጥጠውና የሚወጋው እጅ ሁለት ናቸው፤ መርፌው የሚያርፍበት ክንድ ግን ከሁለቱ የአንዱ ነው። አንዳንዱ ክንዱን የወንበር መደገፊያ ላይ ተጭኖ ጮማውን በማስወጣት ይወጣዋል። እኔ ሞክሬው የወንበሩን ስፖንጅ ልወጋ ነበር። ስለዚህ ክንድ የሁለት ሰው ቦታ ነው። ባለቤቴ ከተኳረፍን ክንዴ ዕረፍት ያገኛል። ከታረቅን ማግስት ደግሞ እጅጌዬን ሰብስባ ትመጣለች፤ እንዲያውም ከጥጧና ከአልኮሏ ጋር ብቅ ስትል ነው ይቅርታዬ ተቀባይነት ማግኘቱን የማውቀው። አልኮሉ እስኪደርቅ መጠበቅ እንዳለባት ስለምታውቅ በመካከሉ ሁለት ሦስት ቃል ታናግረኛለች። ሳይደርቅ የወጋችኝ ቀን ያቃጥላል፤ ያን ቀን ይቅርታው ገና ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ቦታ ማለት ሰዓት ነው። በብልቃጥ የምንወስደው የተለመደው ኢንሱሊን ሆድ ላይ ሲወጋ ይፈጥናል፤ ክንድ ይከተላል፤ ጭንና መቀመጫ ይዘገያሉ። አዳዲሶቹ የፔን ኢንሱሊኖች ላይ ልዩነቱ ጠቧል ይባላል፤ እኔ ግን የብልቃጥ ሰው ነኝ። ንጹሑን ኢንሱሊን መጀመሪያ፣ በመዳፌ አንከባልዬ ያደባለቅሁትን ደፍራሳውን ቀጥዬ የምቀዳ። ንጹሑ ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል ቀድሞ መግባት አለበት። ይህ ሕግ የወጣው ሰው በቀጠሮ በሚበላበት አገር ነው።

በእኛ አገር ግን ግብዣ የራሱ የቀን አቆጣጠር አለው። «ደርሷል፣ ተነሡ» ሲባል ሽንኩርቱ ገና እየተቁላላ ሊሆን ይችላል። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ፎቶ እስኪነሡ፣ ለቅሶ ቤት ቄሱ እስኪመጡ፣ ማኅበር ላይ ጸሎቱ እስኪያበቃ ነው። አንተ ደግሞ ቀድመህ ተወግተሃል። ግንባርህ ያልባል፤ እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ ወሬ ይጠፋብሃል፤ የጎረቤትህ ጭንቅላት ዳቦ ሊመስልህ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ የሌለው ባለስኳር ዘበኛ የሌለው ባንክ ነው። ስለዚህ እኔ ቦታ የምመርጠው በጋባዡ ጠባይ ሆኗል። ሰዓት አክባሪ ቤት ከሆነ ሆዴን፤ ባለቤቲቱ «ቡና ይቅደም» የምትል ከሆነ ጭኔን። የክሊኒኩ ሲስተር ይህን ዘዴ ብትሰማ አትወደውም። የእሷ ትምህርት አጭር ነው፤ «ጋሼ፣ ምግቡን በዓይንዎ ሳያዩ እንዳይወጉ።»

የሥጋ ቤቱ ችግር ሌላ ነው። ምግቡንስ በዓይንህ ታያለህ፤ ተሰቅሏል። መወጊያ ቦታ ግን የለም። መጸዳጃ ቤቱ መብራት የለውም፤ ኮት መስቀያም የለውም፤ ብልቃጡን የምታሳርፍበት ጠርዝ ሁሉ ርጥብ ነው። በጠረጴዛ ሥር በሱሪ ላይ ጭናቸውን የሚወጉ ጀግኖች አሉ። ሲስተር ይህንንም ከልክላለች፤ ቆዳው አይታይም፣ ጨርቁም ንጹሕ አይደለም ብላ። አንድ ወዳጄ ግን ሳይደበቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲሪንጁን ቀድቶ ሸሚዙን ገለጥ ያደርጋል። አስተናጋጁ መጀመሪያ ቀን ዞር ብሎ ሄደ። ሁለተኛ ቀን ቆሞ አየ። አሁን «ወጋህ? ጥሬውን ላምጣው?» ይለዋል። እኔ ይህ ድፍረት የለኝም፤ ቦርጬን ለማያውቀኝ አስተናጋጅ ለማሳየት ገና ነኝ።

ሙቀትም ከቦታው ጋር ይመሳጠራል። ተወግቶ ወዲያው ፍል ውሃ የገባ ሰው፣ ደሙ ወደ ቆዳው ስለሚጎርፍ ኢንሱሊኑ ይቸኩልበታል። ጭኑን ተወግቶ መስቀል አደባባይ ደረጃውን ሽቅብ የሚሮጥ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የሚሠራ እግር መድኃኒቱን ቶሎ ይጠጣል። ጠዋት ከሚሮጡት ወጣቶች መካከል ሩጫውን አቋርጦ ሙዝ የሚልጥ ጎልማሳ ካያችሁ አትሳቁበት።

ሲስተር መጀመሪያ ስታስተምረኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ አንድ ቦታ ላይ እንዳይደጋግሙ። ሆድዎን አራት ቦታ ይክፈሉት። አንድ ሳምንት አንዱ ላይ ይቆዩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደሚቀጥለው ይዙሩ። እዚያው ሩብ ውስጥም ቢሆን የዛሬው ከትናንቱ አንድ ጣት ይራቅ።»

ዕቁብ መሆኑ ነው። አራት ዕቁብተኛ፣ በየሳምንቱ አንድ ባለዕጣ። ዳኛው እኔ፤ ጸሐፊዋ ባለቤቴ። ሕጉ ደግሞ የዕቁብ ሕግ ነውና ችግሩም የዕቁብ ችግር ሆነ። የታችኛው ግራ ሩብ ሁልጊዜ ዕጣ ይሻማል፤ ለእጄ ይቀርባል፣ ስቡም በቂ ነው፣ አያምም። የላይኛው ቀኝ ደግሞ ዋስ ይፈልጋል፤ ተራው በደረሰ ቁጥር ሰበብ ያወጣል። የታችኞቹ ሁለቱ ቀበቶዬ እየፈተጋቸው ያመለክታሉ። ባለቤቴ ግን ጉቦ አትቀበልም። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዘመን መቁጠሪያ ላይ በእስክሪብቶ «ላ.ቀ» «ታ.ግ» እያለች ትጽፋለች። ቤታችን የመጣ እንግዳ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ «የውሃ ፈረቃ ነው» እንለዋለን፤ አምኖ ይሄዳል።

የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ አራቱ ሳምንት ሲወጣ ሁለት ቀን ይተርፋል። ሁለቱን ለክንዴ ሰጥተናል። የጳጉሜን አምስቷን ቀናት ደግሞ በሙሉ ለመቀመጫዬ መደብኩለት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛ ቀን ይጨመርለታል። በ12 ወር የሚተዳደረው የውጭ አገር ባለስኳር ይህን ያህል የተደላደለ አሠራር አይኖረውም። እናቴም ሰምታ ደስ አላት፤ «ጳጉሜን እኮ የጠበል ጊዜ ነው» አለች፤ ቂጤ ጠበል እንደሚጠመቅ ቆጥራው መሰለኝ።

ዕቁብ የማይጥለው ሰው ምን እንደሚደርስበት የቀድሞ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ምስክር ነው። ከእምብርቱ በስተቀኝ አንዲት የምትወደድ ቦታ ነበረችው። «እሷ ላይ ምንም አይሰማኝ» ይላል። ልክ ነው፣ አይሰማም። ኢንሱሊን ራሱ ስብ ያፋፋል፤ እዚያው እዚያው ሲገባ ከቆዳው ሥር ጉብታ ያበቅላል፣ ጉብታውም ይደነዝዛል። ሰው ደግሞ የማያመው ቦታ ይስበዋል፤ ጉብታው በተወጋ ቁጥር ያድጋል። ችግሩ መድኃኒቱ እዚያ ገብቶ እንዳሻው መሆኑ ነው። አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ቀን እዚያው ያድራል። የሰውዬው ስኳር ሽቅብ ወጣ። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረለት። አሁንም ወጣ። ሐኪሙ አሁንም ጨመረ። ሚስቱ የመኪናውን ኪስ መፈተሽ ጀመረች፤ ኬክ ቤት አይተነዋል የሚል ወሬም መጣ። ትዳሩ ሊናጋ ጥቂት ሲቀረው ነው አንዲት ነርስ ሸሚዙን አስወልቃ ሆዱን በጣቷ ስትዳብስ ጉብታዋን ያገኘቻት።

ነርሷ ከዚያ ቦታ እንዲርቅ ብቻ አልነገረችውም፤ መጠኑም እንዲቀነስ ወደ ሐኪሙ መለሰችው። ምክንያቱም ለጉብታው ሲባል የተቆለለ መጠን ጤነኛ ቆዳ ላይ ቢወጋ በአንድ ጊዜ ገብቶ ይጥለዋል። አሁን ደኅና ነው። ጉብታዋም በወራት እየሟሸሸች ሄደች። ሚስቱ ግን ኬክ ቤት አየሁት ያለችውን ጎረቤቷን እስከ ዛሬ አታናግራትም።

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለሠርግ መጥታ እኛ ቤት አረፈች። ከስታለች። አየር ማረፊያ ስንቀበላት ባለቤቴ አቀፈቻትና ከትከሻዋ በላይ በዓይኗ «ምን ሆና ነው?» አለችኝ። ዘመድ ሁሉ እየመጣ አዘነላት። «ምነው ልጄ፣ አገሩ አልተስማማሽም?» «ብቻሽን ሆነሽ የሚያበስልልሽ አጥተሽ?» አንዲት ሽማግሌማ ጉንጯን ዳብሰው አለቀሱ። እሷ «የእግር ጉዞ ነው፤ ዳቦ ትቼ ነው» ትላለች። መወፈር የድሎት ምልክት በሆነበት አገር የከሳ ሰው ደኅና ነኝ ቢል ማን ያምነዋል?

ምስጢሩን ያወጣው ማቀዝቀዣው ነው። የእኔ ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት ከበረዶ ቤቱ ርቆ የእንቁላሉ ቦታ ላይ ነው የሚያድረው። አንድ ጠዋት አጠገቡ የማላውቀው ጎረቤት ገብቶ አገኘሁ። ፔን ነው። የማን ነው ብዬ ብጠይቅ የአክስቴ ልጅ በሩን ዘግታ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ለሰው እንዳትናገር» አለችኝ።

«ኦዘምፒክ ነው?»

«ሁሉም ሰው ኦዘምፒክ ይለዋል። የእኔ ዜፕባውንድ ነው።»

በሳምንት አንዴ የምትወጋው የማክሻ መርፌ ነው። የመደብር ዋጋው በወር ከ1,000 ዶላር ያልፍ እንደነበር ነግራኝ ስደነግጥ፣ ኢንሹራንስ እንደሚረዳት ጨመረችልኝ። እንደማይሠራ መድኃኒት ደግሞ መናቅ አልቻልኩም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ትልቅ ጥናት ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት ሰዎች በ72 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው አንድ አምስተኛውን ያህል ጥለዋል። በዚያ ዋጋ ገዝታ፣ ተወግታ፣ አቅለሽልሿት፣ ውቅያኖስ አቋርጣ መጥታ «ምን ነካሽ?» መባል ነው የደረሳት።

ዋናው ጨዋታችን ግን ያው የአግዳሚው ጨዋታ ሆነ። የት ነው የምትወጊው? እዚያም የራሱ ሊቃውንት አሉት። ጭን ላይ ከተወጋ ማቅለሽለሹ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ ሆድ ላይ ይበረታል የሚሉ አሉ። አንዷ ጓደኛዋ ክንዷ እንዲቀጥን ክንዷን ብቻ ታስወጋለች፤ ሌላዋ ቦርጭ ላይ ከተወጋ ቦርጩ ይቀልጣል ብላ ታምናለች። መርፌ እንደዚያ ጎረቤት ለይቶ ቢሠራ ኖሮ እኔ እስካሁን ወገቤ በኖረኝ። መድኃኒቱ የትም ይግባ የት ወደ ደም ነው የሚሄደው፤ ሥራው አንጎልና ጨጓራ ጋ ነው፤ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ጨጓራም ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያዘገያል። ሆድ ሆነ ጭን ሆነ ክንድ ለእሱ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀናሁባት። የእኔ መርፌ ቦታ በቀየርኩ ቁጥር ሰዓት ይቀይራል፤ የእሷ ሳምንት ሙሉ ባለበት ሆኖ ይሠራል።

ቅናቴን ለመወጣት የዘመዱን ታሪክ ነገርኳት። የዚህ ወገን መድኃኒቶች ፊታውራሪ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኤክሴናታይድ፣ ጆን ኤንግ የተባለ ሐኪም የአሪዞና በረሃ መርዛማ እንሽላሊት ውስጥ ካገኘው ነገር የተነሣ ነው። እንሽላሊት ስል ፊቷ ተጨማደደ። ከዚያ ግን ቀና ብላ፣ «አንተስ ብትሆን ዘመኑ ደርሶልህ እንጂ የአሳማ ቆሽት ነበር የምትወጋው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ኢንሱሊን ለአሥርታት ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር፤ ባክቴሪያ የሠራው የሰው ኢንሱሊን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሁለታችንም ዝም ተባባልን።

የመልሱ ዕለት እሑድ ነበር። የእሷ የመርፌ ቀንም እሑድ ነው። ዘመዶቻችን ቤት ቡፌው ሲደረደር ዶሮውንም፣ ቀይ ወጡንም፣ አይቡንም በሲስተር ትእዛዝ መሠረት በዓይኔ አየሁና ተነሣሁ። መኝታ ቤት ገብቼ የእንግዳ ኮትና ነጠላ የተቆለለበት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን ባለዕጣ ስገልጥ የአክስቴ ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ ገባች። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ሐበሻ ቀሚስ አለመልበሱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጥልፉ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፤ ዚፑ ከኋላ ነው፤ ወገቡ በመቀነት ታስሯል። ለሆድም ለጭንም መንገድ የለም። የቀረው ክንድ ብቻ ነው፤ የዚያ መድኃኒት መመሪያ ደግሞ ክንድን ሌላ ሰው ይውጋ ይላል።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ የለመድክ ሰው ነህ።»

ራሴን እንጂ ሌላ ሰው ወግቼ አላውቅም። እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ፔኑን ክንዷ ላይ አስደግፌ ተጫንኩት፤ ቀጭ ሲል እኔ ነኝ የዘለልኩት። በዚያው ቅጽበት በሩ ተንኳኳና የቤቱ እመቤት ብቅ አሉ። «ምን ትሠራላችሁ ጨለማ ውስጥ?» አሉ። «ነጠላዋን እየፈለግን ነው» አልኩ። ነጠላዋን ለብሳዋለች።

ወጥተን ቡፌው ፊት ስንቆም ሽማግሌዎቹ ምርቃት ጀምረዋል። ምርቃት ደግሞ ባለሙያ እጅ ሲገባ አያልቅም። ለሙሽሮቹ ተመረቀ፣ ለሙሽሮቹ ልጆች ተመረቀ፣ ለአገሪቱ ተመረቀ፣ ለዝናቡም ተመረቀ። ከረሜላዬን በጉንጬ ይዤ አሜን አልኩ። ማዕዱ ሲቀርብ ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ ትሪ ላይ አስቀመጡን። እኔ የወሰድኩት መርፌ አሁኑኑ ብላ ይላል። እሷ ለሳምንታት ስትወስደው የቆየችው ደግሞ እንዳትበዪ ይላል፤ ሁለት ጉርሻ ከዋጠች ጨጓራዋ በሩን ይዘጋል። እመቤቲቱ ከበላያችን ቆመዋል። እሷ በልታ እንድትታይ እጇን ወደ ትሪው ትሰዳለች፤ ጠቅልላ ታነሣለች፤ ዞር ብላ እኔን ታጎርሰኛለች። ደግማ ታጎርሰኛለች። ለሦስተኛ ጊዜ «በሞቴ!» ትላለች። ከሩቅ ለሚያይ በዘመድ ፍቅር የተቃጠለች ሴት ናት። እኔም አልግደረደርም፤ እንደ ልማዱ «በቃኝ» ማለት እንኳ አላስታወስኩም። እንቁላሉ የት እንደገባ አይታወቅም።

እመቤቲቱ ትሪውን አዩ። እኔን አዩ። እሷን አዩ።

«ምን ዓይነት ዘመን ነው?» አሉ። «አንተ ትበላለህ፣ እሷ ትጠግባለች!»

ብለውም ዶሮውን ደገሙልን።